ለዳገቱ የተሠራ ሞተር

ሰፈሩ ሁሉ «መነጽሩ» ይለዋል። መነጽር ይሠራል እንጂ ራሱ አድርጎ አያውቅም። ከአንድ ፋርማሲ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ መስታወት ሲሞርድ፣ ሌላ ሰው በዓይኑ የማይለያቸውን ብሎኖች ሲያጠብቅ ይውላል። በዚህ ዓለም ላይ ከልቡ የሚወደው ሁለት ነገር ነበር፤ አስተማሪ ሚስቱንና ሩቅ መንገድ የሚሄድበትን ሞተር ሳይክሉን። ሚስቱ ለእንግዳ ይህንን ስታወራ፣ «ማናችን እንደምንቀድም ግን ነግሮኝ አያውቅም» ብላ ትስቅ ነበር።

ሞተር ሳይክሏ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ መቀመጫዋ ሰፊ፣ በግራና በቀኝ የዕቃ ሳጥን ያላት ናት። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ባልና ሚስት ሴት ልጃቸውን ከአክስቷ ዘንድ ትተው ይወጣሉ። እሱ ይነዳል፣ እሷ ከኋላው ወገቡን ይዛ መንገዱን ታወራለታለች። መሳሳቱን ብታይ እንኳ ወዲያው አትነግረውም፤ ያልታሰበ ቦታ መድረስ ደስ ይላታል።

ሕመሙ የጀመራት ከጣቷ ነው። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ጠመኔው ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ይሽቀዳደሙና ያነሱላታል። ቆይቶ እግሯ ደረጃ ላይ ከዳት። ሐኪሙ ብዙ ካመላለሳቸው በኋላ አስቀምጦ ነገራቸው። ጡንቻን የሚያዝዘው ነርቭ እየሞተ ነው፣ መድኃኒት አልተገኘለትም፣ ሲውል ሲያድር ትንፋሽ ላይ ይደርሳል አላቸው። የሚጠየቀውን ሁሉ የጠየቀችው እሷ ናት።  ባሏ ግን ሲወጡ የሐኪሙ በር እጀታ ላልቶ አየና ከኪሱ ትንሿን መፍቻ አውጥቶ አጠበቀው። እሷ በምርኩዟ ቆማ ጠበቀችው።

አንድ ቀን ቁርስ እያበላት ሳለ፣ «ከጋራው አናት ውሰደኝ» አለችው።

የቱ ጋራ እንደሆነ አልጠየቃትም። በተጋቡ ሰሞን መጀመሪያ የሄዱበት ነው። መንገዱ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ አናቱ ላይ ሲደርስ በአንድ ወገን ከተማው፣ በሌላው ሐይቁ ይታያል።

«መኪና እንለምናለን» አላት።

«በመኪናማ ለቀብሬ እሄዳለሁ። በሞተር ነው ያልኩህ።»

ከኋላው መቀመጥ አትችልም፤ ወገቡን የሚይዝ እጅ የላትም። ስለዚህ አንድ በያጅ ከሞተሯ ጎን የሚገጠም ጋሪ ሠራላቸው፤ ጎማው አንድ፣ መደገፊያው ከፍ ያለ፣ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ የሚይዝ ትራስ ያለው። ግን ጋሪው ከተገጠመ በኋላ ሞተሯ አቃታት። የሆስፒታሉን ዳገት እንኳ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ከኋላ ጭስ እየተፋች ነው የወጣችው። ጋራውንማ ማን ያስባል?

መካኒክ ዘንድ ወሰዳት፤ መካኒኩ የጥንት ወዳጁ ነው። ነገር ሁሉ ስለማይዋጥለት «ጨጓራ» ይሉታል። ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ሰው ልትጭን እንጂ ቤት ልትጎትት አልተሠራችም» አለው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የሚሻለውማ መተው ነበር። አንተ አትተውም እንጂ። ሁለቱም ሲሊንደሮቿ ይቀየሩ። ሰፋ ያለ ሲሊንደር፣ ወፈር ያለ ፒስተን ከነቀለበቱ አንድ ላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ብዙ ቤንዚንና አየር ከዋጠች ጉልበት ታገኛለች። ግን ካርቡሬተሩም አብሮ ይስተካከላል፣ ፍሪሲዮኑም ጠንከር ያለ ይሆናል። ግማሽ ሥራ ካሰብክ እኔ የለሁበትም።»

መነጽሩ ግማሽ ሥራ አላሰበም። ዕቃው ከውጭ ከመጣ ጀምሮ ሱቁን ሲዘጋ እግሩ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ጋራዥ ሆነ። ሞተሩን ከሳይክሏ ፈትተው አወረዱ፣ ቴስታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ከፈቱ፣ የሲሊንደሮቹ እግር የሚያርፍበትን ቀዳዳ ቶርኖ ቤት ወስደው አሰፉት። ቤቱ የሚገባው ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ፣ እጁ ጠቁሮ ነው። ሚስቱን ግንባሯን ስሞ፣ የዛሬውን ሥራ ነግሯት፣ ነገ ስለሚሠራው እያሰበ ይተኛል። ለእሷ የሚደክም ስለመሰለው ልቡ ንጹሕ ነበር።

ልጃቸው አሁን አድጋ የራሷ ቤት ያላት ልብስ ሰፊ ሆናለች። እናቷን ለማስታመም ስትል የስፌት መኪናዋን ወላጆቿ ቤት አምጥታ እዚያው ትሠራለች። አንድ እሑድ አባቷ ጃኬቱን ሲደርብ በር ላይ ቆመችበት።

«አባዬ፣ እማዬ ውሃ ስትጠጣ ማነቅ እንደጀመራት ታውቃለህ?»

እሱ የጃኬቱን ቁልፍ መቆለፍ ቀጠለ።

«ማታ ማታ ስትገባ ተኝታ አይደለም። ድምጿ ደክሞ ነው የማታናግርህ። አንተ ፒስተን ስታሽሞነሙን እሷ የአንተን ኮቴ ስትጠብቅ ነው የምትውለው።»

«ለማን ብዬ ነው ታዲያ?» ቁጣ ቁጣ አለው።

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ። እሷ እኮ እዚህ ናት።»

መነጽሩ ጃኬቱን አወለቀ። መኝታ ቤት ገብቶ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ። ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች። «አትቆጣት፣ እውነቷን ነው» አለችው፤ ድምጿ በእርግጥም ቀጥኗል፤ ያንን ሳያስተውል ከርሟል።

በማግስቱ እሱና ጨጓራ ሞተሩን በብርድ ልብስ ይዘው እያለከለኩ ገቡ። የምግብ ጠረጴዛው ተገፍቶ አልጋዋ ሥር ተጠግቷል፤ በላዩ ካርቶን ተነጥፏል።

«እትዬ፣ ጋራዡ እግር አውጥቶ መጣልዎት» አለ ጨጓራ ኮፍያውን አውልቆ።

«እሰይ! ምንጣፌን ዘይት ካስነካህ ግን አጥበህልኝ ነው የምትሄደው።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው እዚያው ሆነ። በሽታው ጉልበቷን እንጂ የመዳሰስ ስሜቷን አልነካባትም። የፒስተኖቹን ቀለበቶች አንድ በአንድ መዳፏ ላይ እያስቀመጠ፣ ጣቷን ይዞ ጠርዛቸውን ያስነካታል። አንዱን ስትነካ ቅንድቧን ቋጠረች። «ይቧጭራል» አለች። ወደ መስኮቱ ወስዶ ሲያየው ፀጉር የምታክል ሻካራ ነገር አገኘ። ያ ሲሊንደሩን ሊጭረው ይችል ነበር። መስታወት በሚሞርድበት ደቃቅ ሞረድ አለሳለሰው። እሷ የተማሪዎቿን ወሬ ትነግረዋለች፤ ቃሉ ሲያልቅባት እሱ ይጨርስላታል፤ ከተሳሳተም ዓይኗን አሽከርክራ ታሾፍበታለች። ልጅቷ ከወዲያኛው ክፍል ስፌቷን እያቆመች ታዳምጣለች።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ወፍሮ፣ ከደረት የሚወጣ ዓይነት። ጨጓራ እንኳ የሚያማርረው አጣ። «ግን ሮዳጅ ያስፈልገዋል» አለ። «አዲስ ፒስተን እስኪለምድ ቀስ ነው። አጣድፈህ ዳገት ካወጣኸው ፒስተኑ ተጣብቆ ይነክስብሃል።»

 የመነጽሩ ሚስት ከቀን ቀን እየሟሸሸች ነው፤ ሞተሩ ደግሞ አትቸኩል ይላል። አማራጭ አልነበረውምና ከሰዓት በኋላ ሱቁን እየዘጋ ሜዳ ሜዳውን ይዟት ይዞር ጀመር። በትምህርት ቤቱ አጥር፣ በእንጨት መጋዘኑ፣ በባቡር ሐዲዱ ዳር። ልጆች መምህራቸውን አይተው ከጋሪው ጎን ይሮጣሉ። ለመሮጥ የሚመች ፍጥነት ነበር።

ጨጓራ «እንግዲህ ሂዱ» ባለ ጊዜ በማለዳ ወጡ። ልጅቷ እናቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በቀበቶ አስራ፣ ከኋላ ቆማ ሸኘቻቸው። ዳገቱ ተጀመረ። ሞተሯ በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፤ በጠባቡ መጠምዘዣም ላይ አላቃሰተችም። መነጽሩ በራስ ቁሩ ውስጥ ብቻውን ይስቅ ነበር።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ጉም ነው። ከተማ የለ፣ ሐይቅ የለ፤ የመንገዱ ጠርዝ እንኳ በግድ ነው የሚታየው። ሞተሩን አጠፋ። 

ሚስቱ ሳቀች። «ጉም ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ፒስተን?» አለችና ሳቁ አነቃት፤ ደግፎ ቀና አደረጋት። ሲለቃት አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጁ የሚይዘው አጥቶ ጋሪው ላይ ያለውን ብሎን መነካካት ያዘ።

«ተወው እሱን» አለችው። «እዚህ ያመጣሁህ ለሐይቁ አይደለም። ቤት ውስጥ ስነግርህ አንድ የሚጠገን ነገር ታገኛለህ። አሁን ስማኝ።»

እጁን አነሳ።

«ትንፋሼ ሲያቆም ጉሮሮዬን ቀደው ማሽን ላይ ሊያደርጉኝ ይጠይቁሃል። አልፈልግም። ልጃችን ታለቅሳለች፣ ትለምንሃለች። አንተም ትፈራለህ። እሺ እንዳትል።»

«እንዴት አድርጌ…»

«እኔ የምለውን ብቻ ትላለህ። በለው እስቲ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ፊት አለቀሰ። ቃሉን አስደገመችው፤ ድምፁ ሲቆራረጥበት ደግሞ አስደገመችው፤ ልክ እንደ ተማሪ። ጉሙ ሳይገለጥ ወረዱ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ እንዳለችው ጠየቀ። ልጅቷ «አባዬ በፈጠረህ እሺ በል!» ብላ እጁን ያዘችው። መነጽሩ ግድግዳውን ተደግፎ፣ «አትፈልግም። ነግራኛለች» አለ።  ሚስቱ ሕመም እንዳይሰማት ተደርጎ፣ ባሏ በአንድ ወገን፣ ልጇ በሌላው እንደተቀመጡ አረፈች።

ልጅቷ ከቀብሩ በኋላ ረጅም ጊዜ አላናገረችውም። የስፌት መኪናዋን ጭና ወደ ቤቷ ተመለሰች። እሱም አልለመናትም፤ ሱቁን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሞተሯን ሲያወጣት ጋሪው ባዶ ስለሆነ መጠምዘዣ ላይ ጎማው ብድግ ይላል። ጨጓራ፣ «ወይ ፍታው፣ ወይ አሸዋ ጫንበት፤ ሰው ትገድላለህ» ብሎ ተቆጣው። መነጽሩ አልፈታውም። የአሸዋ ከረጢት ትራሱ ላይ አስደግፎ መንዳት ጀመረ።

አንድ ከሰዓት ልጅቷ የታዘዘችውን ልብስ ለማድረስ ስትወጣ አባቷን ከነሞተር ሳይክሉ በሯ ላይ ቆሞ አገኘችው። ሊያናግራት አስቦ መምጣቱ ያስታውቃል፤ ግን ጓንቱን ያገላብጣል። ጋሪው ላይ ያለውን ከረጢት አየችው፣ እሱን አየችው።

«ያን ቀን ጋራው ላይ ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችው።

ነገራት፤ ማስደገሟን ጭምር፣ ማልቀሱን ጭምር። እያለቀሰች ሰማችው። ሲጨርስ የልብሱን ጥቅል አስያዘችውና የአሸዋውን ከረጢት በሁለት እጇ ታቅፋ አወረደችው፤ ከበሯ ጎን ጣለችው።

«ደንበኛዬ ከእንጨት መጋዘኑ ባሻገር ናት» አለች ጋሪው ውስጥ እየገባች። «ቀስ በል ብቻ። እኔ እንደ እማዬ አይደለሁም፣ እፈራለሁ።»