እናቴ የላጨችኝ ፀጉር

ዛሬም ከፀጉር ቤት ደጃፍ ሳልፍ የእርጥብ ሳሙና ሽታ ካወደኝ አናቴን ይበርደኛል። ሳቂብኝ ከፈለግሽ፣ እውነቴን ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ባለው ቀያችን፣ የእኩዮቼ ፀጉር አድጎ በቅቤ ሲወዛ እናቴ የእኔን በምላጭ ሙልጭ አድርጋ ትላጨው ነበር። ጠዋት ፀሐይ ላይ ታስቀምጠኝና ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሀል ጥርቅም አድርጋ ትይዘዋለች። «ቅማል ነው፤ ዝም በይ!» ከዚህ ሌላ ቃል አልነበራትም። ስማኝ አታውቅም። እጇ የሚነካኝ ምላጭ ሲይዝ ብቻ ነበር።

አንድ የማርያም ዕለት ደግሞ የባሰው መጣ። ፀጉሬ ጆሮዬን መሸፈን ጀምሮ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች ወደ ግቢያችን ሲገቡ እናቴ አየች። ወዲያው ጓሮ ጎትታ ወሰደችኝና ሳሙናውን በቅጡ ሳታስነካኝ ላጨችኝ። ደሙ ከጆሮዬ ጀርባ እየወረደ ማንቆርቆሪያ አስይዛ «እንግዶቹን አስታጥቢ» ብላ ሰደደችኝ። አንዱ ሽማግሌ አየት አድርጎኝ፣ «ይህችማ ገና እንጭጭ ናት» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ እናቴን ገላመጣት። እኔ ጓሮ ገብቼ በእልህ አለቀስሁ፤ እናቴ ትጠላኛለች አልሁ፣ በቃ።

ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ስገባ ፀጉሬን አሳደግሁ፤ እሷን ረሳሁ። ረሳሁ ስል፣ እናቱን የሚረሳ ማን አለ! ለዓመት በዓል ሄጄ ወገቤ ሳያርፍ እመለስ ነበር። ልጅ ስወልድም አላሳየኋትም።

አምና አልጋ ያዘች። ፀጉሯ በትኩሳት ላብ ተያይዞ ማበጠሪያ እምቢ ስላለ፣ «ላጪኝ» አለችኝ። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ወይ ጉድ፣ እንዴት ይቀል ነበር!

«እማ፣ እኔን ለምን ነበር እንዲያ የምትላጪኝ?»

የተላጨውን ጎን በመዳፏ ዳበሰች።

«እኔን የዳሩኝ ሹሩባ ሠርተው ነው» አለች። «የወተት ጥርሴ እንኳ ተነቅሎ አላለቀም። ፀጉሯ ከደረሰ ደርሳለች አሉ። እነዚያ ሽማግሎችም ላንች ነበር የመጡት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈኛ ነበርሽ፤ ላባትሽ ታወሪው ነበር።»

እንባዬ አናቷ ላይ ወረደ። ጠረግሁላት።

«ልጅሽስ? ፀጉሯ አድጓል?»

«ትከሻዋን አልፏል፣ እማ።»

«ተይው፣ ይደግላት።»

ላጭቼ ስጨርስ አናቷን ሳምሁት፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ለፋሲካ ልጄን ይዤልሽ እመጣለሁ አልኋት። ፀጉሯ ተመልሶ ሳያቆጠቁጥ አረፈች።