ከፊልሙ መጨረሻ የተፋቀው ስም

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ በተመረቀው አጭር ፊልም መጨረሻ የመሪ ተዋናይቷ ስም አልነበረም።

የዲዛይን መምህር ነኝ፤ የስም ዝርዝሩን ዲዛይን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የእሷን ስም ለብቻው፣ በጥቁር ላይ በነጭ አድርጌ ነበር ያስረከብኩት።

ከጃጁራ ዘመድ ይዘው የመጡት አባቷ መብራት ሲበራ፣ «መምህር፣ የልጄ ስም ገና ነው?» አሉኝ።

ዳይሬክተሩን ጠራሁት። አላፈረም። «ሽማግሌ ልኬ እምቢ ያለችኝ ሴት ስሟ ፊልሜ ላይ ምን ይሠራል?» አለ።

የራሱን ስም ግን ደራሲ፣ ዳይሬክተር፣ ኤዲተር እያለ ደርድሮታል። ጄኔሬተር ያከራየው ሰውዬ እንኳ ተመስግኗል።

አባትየው ቀስ ብለው፣ «ሽማግሌዎችህን የመለስኩት እኔ ነኝ። እሷ መምጣታቸውንም አልሰማችም» አሉት።

«ደግ አደረጉ» አልኳቸው፣ እሱ እየሰማ።

ከሠራችሁት ሥራ ላይ ስማችሁን የፋቀ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ምክንያቱን ምን ብሎ እንደነገራችሁ ጻፉልኝ።