የባለቤቴ ጎመን

ይህ የሆነው ባቡሩ አቃቂ ጣቢያ ቆሞ ሰው በሚያወርድበትና በሚጭንበት ዘመን፣ በአንድ የፍልሰታ ጾም ነው። ከዚያ ዓመት ብዙውን ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም።

ባለቤቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ታሞ በሐምሌ መጀመሪያ ሞተ። ከዚያ በኋላ እንደ በድን ሆንኩ። እነሳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኛለሁ። የምበላው ነገር ጣዕሙ አይታወቀኝም። ሁለቱ ሴት ልጆቼ እንጀራ በበርበሬ ሲበሉ ሳምንት ሞላቸው።

አንድ ጠዋት ትንሿ፣ "እማዬ፣ ወጥ መሥራት ረሳሽ እንዴ?" አለችኝ። ነጠላዬን ደርቤ በዝናቡ ወጣሁ።

ከሐዲዱ ማዶ፣ ወንዙ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎመን እንደሚሸጡ ሰምቼ ነበር። ስደርስ ማዳበሪያ ተከናንበው ይኮተኩታሉ።

"አባባ፣ ጎመን ይሸጡልኛል?"

"ከየት መጣሽ ልጄ?"

"ከባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር።"

ቀና አሉ። "እንግዲያ አንድ ረጅም ሰውዬ ታውቂያለሽ? ጥርሱ ፍንጭት፣ ሐዲድ ላይ የሚሠራ። ከጠፋብኝ ሰነበተ።"

"ባሌ ነው" አልኳቸው። "ሞቷል።" ስለ ሌላ ሰው የማወራ ነበር የመሰለኝ።

ሽማግሌው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው ተነሱና ወደ ማሳው ዳር ወሰዱኝ። አንድ መደብ ጎመን፣ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አንድ አረም የለበትም።

"ይኸ የእሱ ነው። እሁድ እሁድ እየመጣ ራሱ ተከለው። 'ለፍልሰታ ይደርሳል፤ ሚስቴ ተሸክሜው ስገባ ነው የምታየው፤ እስከዚያ ለማንም እንዳይነግሩብኝ' ይለኝ ነበር። ይመጣል ብዬ ስኮተኩትለት ከረምኩ።"

እኔ እሁድ እሁድ መጠጥ ቤት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ጠይቄውም አላውቅ።

አላለቀስኩም። ጎንበስ ብዬ መቀንጠስ ጀመርኩ። እሳቸውም አብረውኝ ቀነጠሱ። "ሥሩን አትንኪው፣ ደግሞ ያወጣል። እስኪያልቅ ነይ" አሉኝ።

ቤት ገብቼ በሽንኩርትና በቃሪያ ሠራሁት። ልጆቹ ጣታቸውን እየላሱ በሉ። እኔም አንድ ጎረስኩና፣ "ጨው አንሶታል" አልኩ። ታላቋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጨዋታ የሰማች ይመስል ሳቀች። ከማን እንደመጣ የነገርኳቸው በማግስቱ ነው።

አሁን አርጅቻለሁ። ጎመን ገበያ ላይ ሳይ ደስ ይበለኝ ወይ ይክፋኝ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። ብቻ ሳልገዛ አላልፍም።