አደራ ያልተባለው ሹፌር

እህቴ ቦሌ ያረፈች ዕለት የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰው አያስቀምጥም ነበር። ባጃጄን ከቤታችን ደጃፍ ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አቁሜ፣ አባቴ ከኋላው ወንበር፣ እኔ ከመሪው ላይ ሆነን፣ አንዲት ስልክ እንጠብቃለን። ከቤት የወጣነው ለጥላው ብቻ አልነበረም። ቤት ውስጥ ኔትወርክ አይገባም፤ ኒሟ ሥር ግን ሲፈልገው ብቅ ይላል።

ዕቅዳችን እንዲህ አልነበረም። እኔ በማለዳ ተነሥቼ፣ አዲስ አበባ ወጥቼ፣ ከኤርፖርቱ በር ላይ ልቀበላት ነበር። አዲስ ሸሚዝ ሁሉ ገዝቼ ነበር። መናኸሪያ ስደርስ ግን አንድም መኪና አይንቀሳቀስም። «መንገድ ተዘግቷል» አሉኝ። የት ላይ፣ ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ እኛ አገር ከቀረ ቆይቷል። ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ይከፈታል። ከሌሎቹ መንገደኞች ጋር ስቆም ስቀመጥ አረፈድኩና ተናድጄ ተመለስኩ። እህቴ ደግሞ ያን ጊዜ አየር ላይ ናት። እሷን ከሰማይ የሚመልሳት የለም።

ስለዚህ የቀረው አንድ መላ ነበር፤ ብቻዋን ከኤርፖርት ወጥታ ሆቴል ትይዛለች፣ መንገዱ እስኪከፈትም እዚያው ትቆያለች። ሆቴሉን የጠቆመኝ ሽንኩርት ነጋዴ ደንበኛዬ ነው። የእኛ አገር ሰዎች የሚያርፉበት፣ ጭምት ቤት ነው ብሎኛል። ከኤርፖርቱም ያን ያህል አይርቅም። ለሌላ ሰው ቢሆን ወሬ የማይሆን መንገድ ነው። እኛ ቤት ግን ያቺ አጭር መንገድ ከጠዋት ጀምሮ እህል አላስቀመሰችንም።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። እህቴ ያኔ ልጅ ሆና ከቤት ስትወጣ አባቴ ለአንድ ሰው አደራ ሰጥተዋት ነበር። ሰውየው ባዳ አልነበረም። ጁምዓ ከአባቴ ጎን የሚሰግድ፣ ማሾ የሚነግድ፣ ብዙ ልጆች ዐረብ አገር አስገብቻለሁ የሚል ሽበታም ሰው ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተች የሚያለቅስላት እንኳ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። መናኸሪያው መሐል አባቴ የእህቴን እጅ ያዙና ሰውየው መዳፍ ላይ አኖሩት። «ከአላህ በታች ላንተ ሰጥቻታለሁ፤ አደራህን» አሉት። እሱም «ወላሂ፣ እንደ ልጄ» አለ። ቆሜ ሰምቻለሁ። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ለማታውቃቸው ሰዎች ጥሏት ጠፋ። ለወራት ድምፅዋን አልሰማንም። በኋላ እንደምንም ብላ ተሻገረች፣ ሥራ አገኘች፣ ለእኛም ተረፈች። መንገድ ላይ ያገኛትን ግን እስከ ዛሬ ለማንኛችንም አልነገረችንም። እኛም አልጠየቅናትም፤ መልሱን ስለምንፈራ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ «አደራ» የምትለውን ቃል ጨርሰው ተዉ። እኛ አገር ያለዚያች ቃል መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከብት ስታስጠብቅ፣ ዕቃ ስትልክ፣ ልጅህን ጎረቤት ትተህ ገበያ ስትወጣ አደራ ካላልክ ሰውየው እንደናቅከው ነው የሚቆጥረው። አባቴ ግን የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ሲተዉ «ቁልፉ ያውላችሁ» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሽንኩርት አስጭነው ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ፣ አደራ እስኪሉት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቢጠብቅ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ ማሳቸው ሄዱ። ከዚያ ሰውዬ በኋላ ሹፌር፣ ደላላ፣ መንገድ መሪ የሚባል አይወዱም። ልጃቸው ሹፌር መሆኑን ያነሣባቸው ሰው ካለ «እሱማ የያዘው ባጃጅ ነው፤ የት ይደርሳል?» ይላሉ። በዲግሪዬ ባጃጅ መንዳቴ ሳያንስ!

ስልኩ ጮኸ። እህቴ የኤርፖርቱን ኢንተርኔት አግኝታ ነው።

«ደረስኩ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አባቴ። ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። ድምፅዋ ከእኛው አገር፣ ከእኛው ምድር ሲመጣ ሌላ ነው።

«እሺ፣ ከዚህ ወደ ሆቴሉ በምን ልሂድ?» አለች። «አዲስ አበባ ባቡር ገብቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር። በባቡር ይሻለኛል ወይስ በታክሲ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ «በባቡር!» አሉ።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። ሐዲድ ግን ያውቃሉ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ቆላውን አቋርጦ የሚሄደው ሐዲድ ሲዘረጋ፣ አፈሩ ሲከመር፣ ብረቱ ሲነጠፍ፣ በየሳምንቱ እየሄዱ አይተዋል። ሐዲዱ አለቀ፤ ባቡሩ ግን እስካሁን አልመጣም። ፍየል ያቋርጠዋል፣ እረኛ ይቀመጥበታል። አባቴ ግን ያላዩትን ባቡር ካዩት ሹፌር ሁሉ አብልጠው ያምኑታል።

«ባቡር ከሐዲዱ አይወጣም» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «የሚነዳው ሰው ክፉ ቢያስብ እንኳ የሚያዞርበት መሪ የለውም። ደግሞ ሕዝብ አብሮሽ አለ።»

«አባ፣ ኤርፖርቱ ጋ ባቡር አይደርስም» አልኳቸው። «ባቡሩ መሐል ከተማ ነው። ባቡሩ ጋ ለመድረስም ታክሲ ያስፈልጋል።»

«በእግሯ ትሂዳ!»

«ሁለት ሻንጣ ይዛ?»

«ሻንጣው ገደል ይግባ!»

ተናደድኩ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ በዚያ ላይ ጠዋት መናኸሪያ ያጠራቀምኩት ነበረ። «ባቡሩ የት ነው ብላ የምትጠይቀው ሰውስ ከሹፌር በምን ይሻላል? ያም ሰው፣ ይሄም ሰው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ጎረቤቶች በአጥር በኩል ብቅ አሉ። እህቴ ከወዲያ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ስንቱን አገር አቋርጣ በራሷ እጅ እንጀራዋን የጋገረች ሴት መሆኗን ሁለታችንም ረስተን፣ እንደ ሕፃን እየተጓተትንባት ነው።

«ስልኬ ሊዘጋ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ ደነገጥኩ። የአገር ውስጥ ሲም ካርድ የላትም። ከሕንፃው ከወጣች ኢንተርኔቱ ይቀራል፤ ስልኳም ሊሞት ነው። ስለዚህ ተቻኩዬ እንዲህ አልኳት፤ በር ላይ ከሚቆሙት ቢጫ ታክሲዎች አንዱን ያዢ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ በሹፌሩ ስልክ ደውይልን፣ እኛም እናነጋግረው። «ዕድሜው ገፋ ያለውን ምረጪ» ብዬም ጨመርኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ያም ከሃዲ ሽበታም ነበር እኮ።

ቀጥሎ የመጣው ጥበቃ ከጠዋቱ የከፋ ነው። አባቴ ስልኩን ከእኔ ወስደው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ዱዓ ያደርጋሉ፣ ያቆማሉ፣ ስክሪኑን ይነካሉ። በአጠገባችን የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ የሚደወል እየመሰለኝ እባንናለሁ።

የማናውቀው ቁጥር ደወለ። እኔ ነክቼ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ሄሎ፣ አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ልጅዎ እኔ ጋ ናት» አለ የወጣት ድምፅ።

«እኔ ጋ ናት» የሚለው አነጋገሩ አላማረኝም። አቋርጬው የታርጋውን ቁጥር ጠየቅሁት።

«ምነው ወንድሜ፣ ትራፊክ ነህ እንዴ?» አለ። ቅር እያለውም ቢሆን ነገረኝ። ከኋላው እህቴ «ሰላም ነኝ፣ ሰላም ነኝ» ስትል ሰማኋት። ታርጋውን በልቤ እየደገምኩ ሳለ ልጁ መልሶ አባቴን ፈለገ።

«አባባ ዝም አሉ እኮ» አለ። «ልጅዎን ይዤ ልሄድ ነው። አደራ እንኳ አይሉኝም እንዴ?»

ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው፤ ቅሬታው ግን ይሰማ ነበር። አባቴን አየኋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አንዲት ቃል ናት፤ ለዚያ ሁሉ ዘመን ጥርሳቸውን የነከሱባት ቃል። «አባ፣ ይበሉት እንጂ!» አልኳቸው። አልወጣቸውም። ስልኩ ተቋረጠ።

ልጁ ተቀይሞ ዘጋው? ኔትወርኩ ነው? ወይስ የአባቴ ጣት ነካው? አላወቅንም። መልሼ ደወልኩ፤ አይሄድም። ደግሜ ደወልኩ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የነበረው የኔትወርክ ምልክት እንዳለ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ እያነሣ ከየቤቱ ወጣ። ይህም በእኛ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። የዚያን ቀን ግን ጥርሴን ነክሼ የባጃጁን መሪ በጡጫ መታሁት።

የአስር ሶላት አዛን ተባለ። አባቴ አልተነሡም። አዛን ሰምተው ሳይነሡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ያኔ ብዬ ሰጠኋት፣ ጠፋች» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «አሁን ደግሞ ሳልል ሰጠኋት። ያ እንኳ ወላሂ ብሎ ነበር። ይሄንን ልጅ ምን ይይዘዋል? ተቀበል አላልኩት፣ እሺ አላለኝ። በምን ልጠይቀው ነው?»

እስከዚያ ድረስ በሆዴ ስስቅባቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ፍርሃታቸው ወደ እኔ ተሻገረ። በእጄ ያለው አንድ የታርጋ ቁጥር ነው። የታርጋ ቁጥር ይዞ ማን ጋ ይኬዳል? መንገዱ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ።

«ወደ ሐዲዱ ውሰደኝ» አሉ አባቴ ድንገት።

ገባኝ። ሐዲዱ የተነጠፈበት ቁልል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከተማው ውስጥ ሲጠፋ እዚያ ላይ ከሩቅ ኔትወርክ ይይዛል። አስነሣሁ። ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት ዳር መንገድ የተዘጋባቸው ከባድ መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ሹፌሮቹ ከጎማው ሥር ጥላ ይዘው ተኝተዋል። አባቴ አላዩአቸውም። ወደ ማሳዎቹ የሚገባውን የአፈር መንገድ ይዤ፣ ባጃጇ እስክትበታተን ድረስ ነዳኋት። ሌላ ቀን ቢሆን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይረግሙኝ ነበር። የዚያን ቀን «ጨምር!» አሉኝ።

ቁልሉ ጠጠር ነው፤ ሲረግጡት ይንሸራተታል። አባቴ ሽርጣቸውን ሰብስበው በእጅም በእግርም ወጡት፤ እኔ ከኋላ እደግፋለሁ። በሁለቱ ብረቶች መሐል ሲቆሙ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር። ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩት። አንድ መስመር፣ ከዚያ ሁለት። የልጁን ቁጥር ነካሁ። ጠራ።

«ሄሎ?»

አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንተ ልጅ! አደራህን! ትሰማኛለህ? ከአላህ በታች ላንተ ነው የሰጠኋት! ልጄን አደራህን!»

ድምፃቸው በሜዳው ላይ ሄደ።

«ኧረ አባባ፣ ምነው?» አለ ልጁ። «እኔ እኮ ካደረስኳት ቆየሁ። ሻንጣዋን ክፍሏ ድረስ አውጥቼ፣ በሩን ከውስጥ ስትቆልፍ ሰምቼ ነው የሄድኩት። ልነግርዎ ስደውል ስልክዎ እምቢ አለኝ።»

አባቴ ስልኩን በሁለታችን መሐል ያዙት።

«ደግሞ አደራዎን ቅድም ነግራኛለች» አለ ልጁ።

«ማን?»

«ልጅዎ ናታ። እውነት ለመናገር ዝም ሲሉኝ ከፍቶኝ ነበር። እሷ ግን ‹አባቴ አደራ ብለውሃል፤ ስልኩ ስለተቋረጠ አልሰማሃቸውም› አለችኝ። እኔም በዚያው ተቀበልኩ።»

አባቴ ሐዲዱ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ብረቱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ስለሆነ ያቃጥላል፤ አልተሰማቸውም። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። አላፍርም፤ አለቀስኩ።

ብዙም ሳንቆይ እህቴ በሆቴሉ ኢንተርኔት ደወለች። ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታዋለች። ክፍሉ ጥሩ እንደሆነ፣ ውሃ እንዳለ፣ እንደራባት ማውራት ጀመረች። አባቴ አቋረጧት።

«ለሹፌሩ አደራ ብለውሃል ያልሽው ለምንድን ነው?» አሏት። «እኔ እንደሆነ አላልኩም። ከአፌ አልወጣም። አንቺስ ያ ሁሉ ከደረሰብሽ በኋላ ያንን ቃል እንዴት አመንሽው?»

የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ። አልተቋረጠም።

«ታዲያ ምን ልበለው፣ አባ?» አለች። «አባት የለኝም ልበለው?»

አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጢማቸው ረጥቧል።

«አለሽ» አሉ። «አለሽ፣ ልጄ፣ አለሽ።»