የአባንግ እንግሊዝኛ

አባንግ እንግሊዝኛን ያወቀችው ከአማርኛ በፊት ነበር። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ እናቷ አቻን በፈረንጆች ሚሲዮን ግቢ ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ ከፈረንጆቹ ልጆች ጋር ባሮ ወንዝ ዳር ስትሯሯጥ አድጋ፣ ቋንቋቸውን ማንም ሳያስተምራት ለቀመችው። በጎጇቸው አኙዋክኛ፣ በግቢው እንግሊዝኛ ይነገራል። አማርኛ የገበያና የመንግሥት ነበር።

ጋምቤላ ከተማ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ሆነባት። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጇን ከሁሉ ቀድማ ታወጣለች፤ በሒሳብ ጥያቄው ራሱ አይገባትም። አጠገቧ የምትቀመጠው የባለሱቁ የመሐመድ ልጅ ሰይዳ፣ ከደንበኞች በለቃቀመችው አኙዋክኛ እያንሾካሾከች ትረዳት ነበር። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ የሚያንሾካሹክ የለም። ሰይዳ አለፈች፤ አባንግ ወደቀች።

በዚያው ክረምት ለሚሲዮኑ ክሊኒክ አዲስ ፈረንጅ ሐኪም መጣና አባንግን አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠራት። አቻን፣ «ልጄ ከሐኪም ጎን ቆመች!» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

መጀመሪያ ሥራው ቀላል ነበር፦ የት ያምሃል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ዋጥ። እየዋለ እያደረ ግን ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ነገር በዛ። እሱ ተናግሮ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ይዞራል። የታመመውን ልጅ እናት ዓይን ለዓይን እያየች «ልጅሽ አይተርፍም» የምትለው አባንግ ናት። ሕዝቡ እንግሊዝኛውን አልሰማም፤ የሰማው የእሷን አፍ ነው። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ገሸሽ ይሉ ጀመር። ልጇን የቀበረች አንዲት ሴት መንገድ ላይ ክንዷን ይዛ፣ «ምን አድርጌሽ ነው የፈረድሽብኝ?» አለቻት።

ከዚያ አቻን ታመመች። ሐኪሙ ሆዷን ዳስሶ ሲጨርስ ወደ አባንግ ዞሮ፣ በሆዷ ያለው እባጭ መላ አካሏን እንደወረረው፣ ምንም ማድረግ እንደማይቻል፣ ዘመዶቿ ቶሎ እንዲጠሩ ነገራት።

«ምን አለ?» አለች አቻን ከአልጋው ላይ።

አባንግ ለማንም ያላደረገችውን አደረገች። «ክረምቱ ሲወጣ ትድኛለሽ አለ።»

አቻን ፊቷ በራ። «እንግዲያው ኦቹዶን አታስጠሩት። ወንድሜ በዚህ ጭቃ ከፑኝዶ ድረስ ለምን ይለፋል? ስድን እኔው እሄድለታለሁ።»

«ነገርሻት?» ሲል ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«ነግሬያታለሁ» አለች። በሁለት ቋንቋ ዋሸች።

አቻን ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። በመጨረሻዎቹ ቀናት የወንድሟን ስም ትጠራ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቢላክበትም ግን በጭቃው መንገድ በጊዜ አይደርስላትም ነበር። ኦቹዶ የደረሰው መቃብሩ ላይ ሣር ከበቀለ በኋላ ነው።

«ሐኪሙ እንደምትሞት ነግሮሽ ነበር?» አላት።

«ነግሮኛል።»

«ለእሷስ?»

አንገቷን ደፋች።

«ለሰው ሁሉ ሞቱን ስትነግሪ ከርመሽ፣ የእህቴን ብቻ ደበቅሽ» አለና፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ተነሥቶ ወጣ። ዳግመኛ ደጇን አልረገጠም።

አባንግ ወደ ክሊኒኩ አልተመለሰችም። ባል አገባች፣ ወለደች፣ ከሰይዳ ሱቅ ፊት ለፊት ዓሣ ትሸጥ ጀመር። ልጆቿ ትምህርት ቤት የተማሩትን እንግሊዝኛ ሲያነበንቡ ሰምታ አታርማቸውም።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ ሕፃን ከታቀፈች ገጠሬ ሴት ጋር አስተርጓሚ ፍለጋ ገበያ መጣች። ፈረንጅ ናት፤ ሴቲቱ ከአኙዋክኛ ሌላ አታውቅም። ሰይዳ ከሱቋ ብቅ ብላ፣ «አባንግ፣ ተነሽ እንጂ! አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂ የለም?» አለች።

አባንግ ሕፃኑን አየችው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ነርሷ የምትለውን እያንዳንዱን ቃል ሰምታዋለች።

«ድሮ ነው፤ ረስቼዋለሁ» አለች፤ ቢላዋዋን አንሥታም የዓሣውን ቅርፊት መፋቅ ቀጠለች። ነርሷና ሴቲቱ በእጅ ምልክት እየተነጋገሩ ወደ ባሮ ድልድይ ወረዱ።