አጎቴና የሻምበሉ የሽጉጥ አፎት

በአሰላ አስተማሪ ሳይኖረኝ ቆዳ መስፋት የቻልኩ እኔ ነኝ፤ አይቼ ብቻ ነው የያዝኩት። ያየሁት ግን ከአጎቴ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። እሳቸው የሽጉጥ አፎት ሊያሠራ የመጣን ሁሉ "አውራ ጣትህን አምጣ" ይሉ ነበር። የአፎቱን ማሰሪያ ገፍቶ የሚከፍተው የሚተኩሰው እጅ አውራ ጣት ስለሆነ ሳይለኩ አይሰፉም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ ተመድቦ ለመጣ ሻምበል እኔ ሳልለካ ሰፋሁለት። ታጥቆ ሲሞክረው ማሰሪያው እንቢ አለው። ለካ የሚተኩሰው በግራ እጁ ነው!

"ማነው የሰፋው?" አለ።

ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ አቀርቅሬ ክር መሳብ ያዝኩ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ፤ እርጅና ነው" አሉ አጎቴ።

ሻምበሉ ሲወጣ፣ "አንተ ጀግና፣ ጣት መለካት ነውር ነው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ።

ካረፉ በኋላም ደንበኛ ሱቁ ሲገባ አውራ ጣቱን ወደ ባዶው በርጩማቸው ይዘረጋል።

እኔ በዚህ እጄ ለኢተያ ገበሬዎች ኮርቻ ሰፍቻለሁ። ለጮሌ ወረዳ ዳኛ ቦርሳ፣ ለሳጉሬ ነጋዴዎች የማይበጠስ ቀበቶ ሠርቻለሁ። ሻምበሉ ለአጎቴ ለቅሶ መጥቶ "ግራ እጄን የረሱብኝ ሽማግሌ" እያለ ሲያጫውትም፣ በሰው ሁሉ ፊት ተነስቼ "የሰፋሁት እኔ ነኝ" ብያለሁ።