እህቴ ወደብ ያልመጣችበት ቀን

ከኪል ወደብ የተነሳነው በግንቦት ወር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ነው። መርከቡ ባልቲክ ባሕርን ዞሮ ታሊንን፣ ሴንት ፒተርስበርግንና ስቶክሆልምን አሳይቶ የሚመልስ ነበር። ቲኬቱን የገዛልኝ ልጄ ኤልያስ ነው። ሃምቡርግ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ድስት ሳነሳና ስጥል ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ «አሁን ደግሞ ተቀምጠሽ ሌላ ሰው ያብስልልሽ» አለኝ። መልካም ልጅ ነው። እኔ ግን እሺ ያልኩት ለምግቡም ለባሕሩም ብዬ አልነበረም። መርከቡ ስቶክሆልም አንድ ቀን ይቆማል፤ ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ ታናሽ እህቴ ብዙነሽ አለች። የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበረኝ።

ጥያቄውን ለማታውቁት ላስረዳ። የምታውቁትም ደግማችሁ ስሙት፤ አንዳንዶቻችሁ እጃችሁ አለበት።

ኤልያስን ያረገዝኩ ጊዜ እናታችን አዲስ አበባ ሞተች። የቀበረቻት ብዙነሽ ናት፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም። ቤታችን ስልክ ስላልነበረ የምደውለው ጎረቤት ሱቅ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ብዙነሽ ተጠርታ ትመጣና «እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ትለኛለች። ሌላ ጊዜ «ተኝታለች፣ መርቃሻለች» ትላለች። ወለድኩ። ስም እናቴ እንድታወጣለት ጠየቅሁ። በሳምንቱ ብደውል «ኤልያስ በይው ብላለች» አለችኝ። ለልጄ ስም ያወጣችለት የሞተች ሴት ናት።

መርዶው የተነገረኝ በክርስትናው ማግስት ነው። ሃምቡርግ ያላችሁ የአገሬ ልጆች ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ክርስትናው ላይ ስትበሉም ስታጨበጭቡም ታውቁ ነበር። «ጽንሱ እንዳይጎዳ፣ ኋላም ጡትሽ እንዳይደርቅ ብለን ነው» አላችሁኝ። ቂመኛ ናት የምትሉኝ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቂመኛ መባሉን አልጠላሁትም።

ብዙነሽ በኋላ በስደት ስዊድን ገባች። ጎረቤት አገር እየኖርን በሰው በኩል ሰላምታ ከመላላክ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ከመሳፈሬ በፊት ግን ራሴ ደወልኩላት። «መርከቡ ሐሙስ እዚያ ይቆማል» አልኳት። ከዚያ «ወደብ መጥቼ እቀበልሻለሁ» አለች። ድምጿ አርጅቷል። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም።

ሐሙስ ጠዋት

ስቶክሆልም ከሩቅ አትታይም። መርከቡ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ በደሴቶች መሀል እየተጠማዘዘ ይገባል። አንዳንዱ ደሴት አንድ ቀይ የእንጨት ቤትና ጥቂት ጥድ ብቻ የያዘ ነው፤ አንዳንዱ ባዶ አለት። የመመገቢያ ጠረጴዛ የምንጋራው የብሬመን ባልና ሚስት የሩቅ ማያ መነጽራቸውን እየተቀባበሉ ወፍ ይፈልጋሉ። እኔ የምናገረውን እለማመድ ነበር። አላለቅስም፣ አልሳደብም፣ አንዴ ብቻ «ለምን?» እላታለሁ፤ መልሷን ሰምቼ ወደ መርከቤ እመለሳለሁ። አሳቤ ይህ ነበር።

የቆምነው ስታድስጎርደን በሚባለው ወደብ፣ አሮጌው ከተማ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው። ከአጥሩ ውጪ የሚጠብቁኝ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ የብዙነሽ ልጅ ሜሮን፣ እዚያው ስዊድን ያደገች፣ በፎቶግራፍ ብቻ የማውቃት። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ሌላዋ ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ወፈር ያለች ሴትዮ ናት። «ሐዋ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። አካላ የሚባል ሰፈር ከብዙነሽ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ነን፤ የልብስ ማጠቢያ ተራችንን እንኳ አንድ ላይ ነው የምናስይዘው» አለችኝ።

«ብዙነሽስ?» አልኩ፣ ገና ተሳስመን ሳንጨርስ።

ሐዋ ቀደመች። «ትንሽ ደክሟት ነው እትዬ። ከተማውን አሳዩልኝ፣ እኔ ቤት ልጠብቅ ብላ ነው።»

«እንግዲያ ወደ ቤት እንሂዳ።»

«አካላ ሩቅ ነው፤ በቱነልባና ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ነው። ባቡሩ ደግሞ ዛሬ ጥገና ላይ ነው።»

ከወደቡ ወጥተን ስሉሰን የሚባለው ድልድይ ላይ ስንደርስ አንድ ሰማያዊ ባቡር ሰው ሞልቶ አጠገባችን አለፈ።

«ይኼስ ምንድን ነው?» አልኩ።

«እሱ የሌላ ሰፈር ነው» አለች ሐዋ፣ ፊቷ ቅንጣት ሳይለወጥ።

ሜሮን ወደ ውሃው ዞረች። ዓይኗ ደም መስሏል። ምን ሆንሽ ብላት «ፖለን ነው አክስቴ፤ የበርች ዛፍ ብናኝ። በዚህ ወር ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል» አለችኝ። አማርኛዋ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

እህቴ ፈርታኝ ቀረች ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ጥቂት ደስ አለኝ።

አሮጌው ከተማ

ጋምላ ስታን፣ ማለትም አሮጌው ከተማ፣ ደሴት ላይ ነው የተሠራው። መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ የእኔ ዓይነት ጉልበት ያለው ሰው ለስላሳ ጫማ ይዞ ይሂድ። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ለቱሪስት የሚሸጥ ነገር ተደርድሯል፦ ቀንድ ያለው የፕላስቲክ ቆብ፣ ቀይ የእንጨት ፈረስ፣ ባንዲራ። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ግን ፀጥ ይላል። ግድግዳዎቹ በእርጎና በበርበሬ ቀለም የተቀቡ፣ መተላለፊያዎቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ ናቸው።

ሐዋ አፏ አላረፈም። ሥራዋ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን መርዳት ነው፤ የምታጥባቸውን ሽማግሌዎች ጠባይ ተራ በተራ ነገረችኝ። የደሴን ብርድ ከስቶክሆልም ብርድ ጋር አወዳደረች። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ስንት መስኮት እንዳለው ስትነግረኝ ሜሮን አረመቻት፤ ሐዋ «ቆጥረሽዋል?» ብላ አሳቀችኝ። ዝም እንዳንል እየተጠነቀቀች እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ።

ትልቁ አደባባይ ላይ ቡና ጠጣን። ስዊድኖች ሥራ አቋርጠው ቡናና ጣፋጭ መቅመሳቸውን ፊካ ይሉታል፤ ለሦስታችን ቡናና የቀረፋ ዳቦ መቶ ክሮና ግድም ሆነ። ሜሮን ዳቦዋን ቆራርሳ ሳትበላው ቀረች። አደባባዩ ሥዕል የሚመስሉ ቆንጆ ቤቶች ያሉበት ነው። በድሮ ዘመን ግን አንድ ንጉሥ ምሕረት አድርጌላችኋለሁ ብሎ መኳንንቱን ለግብዣ ጠርቶ፣ ግብዣው ሲያልቅ እዚሁ አንገታቸውን አስቆርጧል።

«አበላልቶ ማረድ የኛ ሰው ብቻ አይደለም ለካ» አልኩ። ሐዋ ሳቀች፤ ሜሮን አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ነው ንዴቴ የመጣው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ መርከቡ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። «ስሚ ሜሮን» አልኳት፣ «እናትሽ ምንም አልደከማትም። ፈርታኝ ነው። እህትሽ ፈሪ ነሽ ብላሻለች በያት።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«እንሂድ እትዬ፣ የሚያምር ድንጋይ አለ» አለች ሐዋ፣ ብድግ ብላ።

ግድግዳው ውስጥ ያለው ድንጋይ

ድንጋዩ ያለው ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ሁለት ጠባብ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። ጋሪ ግድግዳውን እንዳይመታው አሮጌ የመድፍ አፈሙዝ ተተክሎበታል። ከመድፉ በላይ፣ ከቤቱ ግንብ ጋር አብሮ የተገነባ የተጻፈበት ድንጋይ አለ። ከተማው ሳይቆረቆር በፊት የተጻፈ ነው አሉ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች እንደ ማንኛውም ድንጋይ አንስተው አኖሩት።

«ምን ይላል?» አልኩ።

ሜሮን ትምህርት ቤት ተምራዋለች። «አባትና እናት ናቸው ያቆሙት» አለች። «ልጃቸው ሞቶባቸው። የእነሱ ስም አለ። የልጁ ስም ግን የለም፣ ተሰብሯል። ማን እንደሞተ አይታወቅም።» ዓይኗን ጠረገች።

«ፖለኑ ጠናብሽ» አልኳት። «በይ ስልክሽን አምጪ፤ እኔው ራሴ ልደውልላት።»

ሜሮን ሐዋን አየች። ሐዋ ሻሿን ማስተካከል ያዘች። ሜሮን ወደ እኔ ዞራ፣ እንዳስጠኗት ልጅ፣ «አሁን ቤት የለችም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አለችኝ።

ያን ቃል አውቀዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በልቼዋለሁ።

መድፉን ያዝኩ። «መቼ?» አልኳት።

«ሰኞ» አለች። «ሰኞ ጠዋት።»

«አንቺ ልጅ» አለች ሐዋ፣ «መርዶ በመንገድ ይነገራል?»

«ጠየቁኝኮ። ምን ልበል? እኔ እንደዚህ አልችልም» አለችና የቀረውን በስዊድንኛ አለቀሰችው።

ብዙነሽን የገደላት ደም ግፊት ነው። እኔ ሰኞ ዕለት ታሊን ላይ የፖስታ ካርድ እየመረጥኩ ነበር። ሐዋ ከቦርሳዋ ጥቁር ነጠላ አወጣች፤ ለካ ይዛው ነው ስትዞር የዋለችው። ከራሴ እስከ እግሬ ሸፈነችኝና አንድ ቤት ደጃፍ ደረጃ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ሁለቱም ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ጮኼ ማልቀስ አልቻልኩም። ከመርከቤ የወረዱ ቱሪስቶች፣ ቁጥር ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ አስጎብኚያቸውን ተከትለው መጡ። እኛን ዞር ብለው አለፉና ድንጋዩን ፎቶ አነሱ።

«ውሰዱኝና ልያት» አልኩ በኋላ።

«ሶልና ሆስፒታል ናት» አለች ሐዋ። «የሚያሳዩት በቀጠሮ ነው፤ ማክሰኞ ነው የሰጡን። ቀብሩም ሦስት ሳምንት ይቆያል። እዚህ አገር ሬሳም ወረፋ ይጠብቃል እትዬ።» መድኃኒቴም ፓስፖርቴም መርከቡ ላይ ስለነበሩ እዚያ መቅረት አልቻልኩም። እስከ መሰላሉ ድረስ ደግፈው አመጡኝ። ስንለያይ ሐዋ እጄን አልለቅ አለች። «ማወቅዎን ለኤልያስ እንዳይነግሩት። እናቴ ባሕር ላይ ብቻዋን ናት፣ እንዳትነግሯት፣ አደራ ብሎን ነው። ሊያረዳዎት ሰው ሰብስቦ እየጠበቀዎት ነው። ማወቅዎን ከሰማ አብዶ ያድራል።»

ሜሮንን ሳምኳት። «ያልኩሽን እርሺው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እንቢ አላወቅሁም።

ባሕር ላይ

በማግስቱ ኤልያስ ደወለ። ምግቡን፣ የአየሩን ሁኔታ ጠየቀኝ። የአክስቱን ስም ላለማንሳት ዙሪያውን ይዞራል።

«ብዙነሽ ሰላም ብላሃለች» አልኩት። «መርቃሃለች።»

ስቶክሆልም ያሉት አታለሏት፣ ተሳካ፣ ብሎ እንዳሰበ አውቃለሁ። «አሜን» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ስልኩን ዘጋሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅን ሳያወላግዱ እንዲህ ማለት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያን ጊዜ አወቅሁ። ካሉትም በኋላ አብሮ የሚያለቅስ ሰው የለም። የብሬመኗ ሴት እራት ላይ «ስቶክሆልም ቆንጆ ናት?» አለችኝ፤ «ቆንጆ ናት» አልኳት፣ ሾርባዬንም ጨረስኩ። ብዙነሽ ይህን ስምንት ወር አደረገችው። እናቷን በቀበረች በሳምንቱ ጀምራ፣ ሱቅ ውስጥ ሰው እየሰማት፣ ስም እስከማውጣት ድረስ። ስንት ዓመት የተቀማሁትን ስቆጥር፣ እሷ ስልኩን ዘግታ ወዴት እንደምትሄድ አስቤ አላውቅም።

ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልጽፍም። «ለምን?» የሚለውን የሚመልስልኝ የለም። በኋላ ቀብሯ ላይ ተገኝቼ አፈር አልብሻታለሁ፤ ያም መልስ አልሆነልኝም።

ቤት

ኤልያስ ኪል ድረስ በመኪና መጥቶ ወሰደኝ። እስከ ሃምቡርግ እየቀለደ ነዳ፤ ጥርሱ እንጂ ዓይኑ አይስቅም። በማግስቱ ጠዋት ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። የገባችሁት እናንተው ናችሁ። ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜም የመጣችሁ፣ አሁን ፀጉራችሁ የነጣ። አንጋፋችሁ አቶ ታደሰ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ከኋላ።

«አውቃለሁ፤ ዘገያችሁ» የምትል ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ልላት ነው። ኤልያስ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከሰኞ ጀምሮ ብቻውን የተሸከመውን የሚያወርድበትን ሰዓት እየጠበቀ።

ተቀመጥኩ። «ምነው በጠዋቱ? ደህና አይደላችሁም?» አልኩ፣ ደንቡ እንደሆነው። አቶ ታደሰ ተናገሩ። ያን ጊዜ ስቶክሆልም ደጃፍ ላይ ያፈንኩት ጩኸት ወጣ፤ ልጄም ሮጦ መጥቶ አቀፈኝና አብሮኝ ጮኸ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ያን ጠዋት ቀድሜ አውቄ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተም፣ ለኤልያስም። ይህን ስታነቡ ሰማችሁ። የደበቃችሁኝ ለእኔው ብላችሁ ነው፤ እኔም የደበቅኋችሁ ለእናንተው ብዬ ነው።